አንድ ለ87

ልደታ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሐዲዱን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከስታዲየም ጀምሮ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ በኩል በአንድ ሐዲድ አብረው የመጡት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች እዚህ ይለያያሉ። አረንጓዴው ቀጥ ብሎ ወደ ኮካኮላና ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ሰማያዊው ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ አውቶቡስ ተራን አልፎ፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ ይወጣል። አብዛኞቻችን ግን አናስተውልም። ወይ ስልካችን ላይ ነን፣ ወይ ደግሞ "ኧረ ይሄ ባቡር ዛሬ ይመጣል?" እያልን ነን።

ሞዴል ባቡር የሚሠራ ሰው ቢሆን ግን ይህን ቦታ ዝም ብሎ አያልፈውም። ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ቀጫጭን ተንቀሳቃሽ ብረቶች ከባቡር ሥራ ሁሉ አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ ናቸው። ትንሽዬዋ የጠረጴዛ ላይ ባቡርም ብዙ ጊዜ ከመስመር የምትወጣው እንዲህ ያለ መገንጠያ ላይ ነው። ጀማሪው "ምን አጠፋሁ?" ብሎ ግራ ይጋባል። ልምድ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ከዚያ "እዚህ ጋ የፀጉር ያህል ከፍ ብሏል፣ ሞረድ ስጠኝ" ይላል። አለቀ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች የፀጉር ያህል ስህተት ነው። እሷን በጣቱ የሚያገኝ ሰው እንዴት ይፈጠራል? እውቀቱስ ከእሱ ወደ ሌላው ሰው እንዴት ይሻገራል? እኛ ሀገር ውስጥ ይህ መሻገር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተሞክሯል። አንዱ ለአሥርት ዓመታት ዘልቆ ተቋረጠ። ሌላው የተሰጠው ጊዜ 41 ወር ነበር።

የሳሙና ጠብታ

ሞዴል ባቡር ሲባል መጀመሪያ የልጆች መጫወቻ ነው የሚታሰበን። አጀማመሩም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 የጀርመኑ የመርክሊን ኩባንያ ላይፕሲሽ ከተማ በተደረገ የንግድ ትርዒት ላይ የሚቀጣጠል፣ በየጊዜው ተጨማሪ ዕቃ እየተገዛለት የሚሰፋ የአሻንጉሊት ባቡር ይዞ ቀረበ። የሐዲዱ ስፋትም ወጥ ልክ ተሰጠው። ነገሩ ግን በልጆች እጅ አልቀረም። ትልልቅ ሰዎች፣ በተለይም የእጅ ሥራ የሚወዱ መሐንዲሶችና ሠራተኞች ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ሲቋቋም ዋና ሥራው አንዱ የሠራው ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ እንዲሄድ ልኮችን አንድ ማድረግ ነበር።

ዛሬ በጣም የተለመደው ልክ አንድ ለ87 ነው። እውነተኛው ነገር 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። በልደታ የሚያልፈው የቀላል ባቡር ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በዚህ ልክ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የድሮው የጅቡቲ መስመር አንድ ሜትር ነበር፤ እሱ ደግሞ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ነው።

ታዲያ ይህን መሥራት ከመጽሐፍ መማር አይቻልም ወይ? በከፊል ይቻላል። መጽሐፉ "ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈውን ጠጠር በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ አጣብቅ" ይላችኋል። እናንተም ታፈሱበታላችሁ። ኮላው ግን ወደ ጠጠሩ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል፤ ያደረ ሥራችሁም ይበላሻል። አጠገባችሁ የቆየ ሰው ካለ አንድ ነገር ብቻ ይነግራችኋል፦ "የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ጠብታ ጨምርበት።" ሳሙናው የውኃውን የላይ ውጥረት ይሰብረዋል፣ ኮላው ሰርጎ ይገባል።

ስታኞም እንደዚያ ነው። ጀማሪ ሰው ስታኞውን በጋለው ብረት አቅልጦ ሐዲዱ ላይ ሊያንጠባጥበው ይሞክራል። ይይዝለታል፤ በማግሥቱ ግን ይለቃል። የቆየው ሰው "መጀመሪያ ሐዲዱን አሙቅ፤ ስታኞውን ሐዲዱ ራሱ ያቅልጠው" ይለዋል። ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ሐዲዶች ስለሚሄድ ትንሽ አቧራ ባቡሩን ያቆማል። የቆየ ሰው ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ያነሳል። እነዚህ ነገሮች ምሥጢር አይደሉም። ግን የሚያውቃቸው ሰው የሚናገራቸው እናንተ ስትሳሳቱ አጠገባችሁ ሆኖ ካየ ነው። ቤቱ ተቀምጦ "የማውቀውን ሁሉ ልጻፍ" ቢል የሳሙናዋ ጠብታ ትዝ ላትለው ትችላለች። እጁ ለምዷታል፣ አፉ ረስቷታል።

አርባ ሰዓት ለአንድ ቁልፍ

የዚህ ዓይነት ትምህርት ከአሻንጉሊት አልፎ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ጌም ለምንወድ ሰዎች ደግሞ ቅርባችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤም.አይ.ቲ. የምንለው፣ ተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ አቋቋሙ። ስቲቨን ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው "ሃከርስ" በተባለ መጽሐፉ እንደተረከው ክበቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንዱ ወገን ከጠረጴዛው በላይ ይሠራል፦ ባቡሮቹን ይቀባል፣ ተራራና መንደር ያበጃል። ሌላው ከጠረጴዛው ሥር ይገባል። እዚያ ሥር ከስልክ ኩባንያ በተገኙ የስልክ ማዞሪያ ዕቃዎች የተሠራ የሽቦ ጫካ ነበር፤ የትኛው ባቡር በየትኛው ሐዲድ እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው።

አዲስ የመጣ ልጅ በጠረጴዛው ሥራ ላይ አርባ ሰዓት ካሳለፈ የክፍሉ ቁልፍ ይሰጠዋል። መለኪያው የሠራበት ሰዓት ነበር፤ ያንን ሰዓት የሚያሳልፈው ደግሞ ከነባሮቹ ጎን ሆኖ ነው። "ሃክ" የሚለውን ቃል ዛሬ በምናውቀው የቴክኖሎጂ ትርጉሙ ያስለመዱት እነዚሁ ከጠረጴዛ ሥር የሚርመሰመሱ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ስቲቭ ራስል ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1962 "ስፔስዋር" የተባለውን፣ ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጌሞች አንዱን ሠራ። ሐዲድ መቀየሪያ ሲያበጁ የለመዱትን አስተሳሰብ ይዘው ነው ወደ ኮምፒውተሩ የሄዱት።

ቦስተን አጠገብ በአንድ ክፍል ውስጥ የሆነው ይህ ነገር፣ ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጀምሮ እኛ ሀገር በሙሉ መጠኑ ሲካሄድ ነበር። ቦታው ድሬዳዋ ነው።

የድሬዳዋ ትምህርት ቤት

ታሪኩን አጠር አድርገን እንየው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው። አፄ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ግንባታው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣት ከባድ በመሆኑ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያም "አዲስ ሐረር" ተብሎ ነበር። ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1901 ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ቀጠለ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ዛሬም ቆሞ የሚታየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በኅዳር 1922 ተመረቀ። ከጅቡቲ እስከዚያ 784 ኪሎ ሜትር ነው።

ባቡር ሲበላሽ ግን ጠጋኝ ይፈልጋል። ኩባንያው ዋናውን የጥገና ሥፍራ ያደረገው ድሬዳዋን ነው። ቶርኖው፣ መዶሻው፣ የብረት ማቅለጫው እዚያ ነበር። መጀመሪያ አለቆቹ ፈረንጆች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያኑ ጉልበት ሠራተኛና ረዳት ሆነው ገቡ። ረዳት ማለት ደግሞ ዕቃ አቀባይ ነው። ዕቃ ሲያቀብል ያያል፣ ሲያይ ይማራል። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ሙያውና ቋንቋው አንድ ላይ ይገባሉ። "ለገሃር" ራሱ ጣቢያ ለማለት ከሚሉት የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ትላንት ረዳት የነበረው ባለሙያ ይሆናል፤ እሱም በተራው ረዳት ይይዛል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ስምምነት የኩባንያው ግማሽ ድርሻ የኢትዮጵያ ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ድሬዳዋ ላይ ግን ዝውውሩ ከወረቀቱ ቀድሞ በሰዎች እጅ ሲካሄድ ቆይቷል።

በዚህ መሐል ባቡሩ ራሱ ተቀያየረ። በእንፋሎት ተጀመረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሊቶሪና ገባ። ከዚያ ደግሞ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች መጡ። የድሬዳዋ ሠራተኞች ሁሉንም ተቀብለው አስተናገዱ። የሠሪው ፋብሪካ መለዋወጫ መላክ ካቆመ ከቆየ በኋላም ራሳቸው እየቀረጹና እያቀለጡ አሮጌዎቹን ለአሥርት ዓመታት አስኬዱ። ይህ ችሎታ ሲገዛ ከሎኮሞቲቩ ጋር የመጣ አይደለም። ከጎን ተቀምጦ በማየት የመጣ ነው።

የዚህ እውቀት ዋጋ ስንት እንደሆነ ያየንበት ክፉ ቀንም አለ። ጥር 6 ቀን 1977 አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባና ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጠረጴዛ ላይ ያለች ባቡር ጠመዝማዛ ላይ ስትፈጥን ወለሉ ላይ ትወድቃለች፣ እናነሳታለን፣ እንስቃለን። ትልቁ ባቡር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወድቀው። "ይሄ ቦታ ላይ ቀንስ" የሚለው ቃል ከሽማግሌው ወደ ወጣቱ መሻገሩ የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ጦርነቱም፣ እርጅናውም፣ የገንዘብ እጦቱም ተደራረበ። በ2000 ገደማ ከለገሃር የሚነሳው ባቡር ጸጥ አለ። ብዙዎቻችን ያኔ "ባቡሩ ቆመ" አልን። የቆመው ግን ባቡሩ ብቻ አልነበረም። ረዳት መያዝም ቆመ። ሐዲድ ዝጎም ቢሆን ለዓመታት ይቆያል፤ የባለሙያ እጅ ግን ጡረታ ይወጣል፣ ያረጃል።

41 ወር

መስከረም 9 ቀን 2008 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ሁለት መስመር፣ 39 ፌርማታ፣ 41 ባቡር። ግንባታውን ያከናወነው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ሥራውን እያካሄደ የእኛን ልጆች እንዲያሠለጥን ደግሞ ከሼንዘን ሜትሮ ጋር የ41 ወር ውል ተገባ። በመስከረም 2009 አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራውን ጀመረ።

አዲሶቹ ሐዲዶች 1,435 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ አሮጌው ግን አንድ ሜትር። 43.5 ሴንቲ ሜትር የማይረባ ልዩነት ሊመስል ይችላል። ውጤቱ ግን አንድም የአሮጌ ባቡር ጎማ አዲሱን ሐዲድ አይረግጥም ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ፣ መሣሪያው አዲስ ሆነ። የድሬዳዋው ሰንሰለት ከአዲሱ ጋር የሚያያዝበት ቀለበት ጠፋ።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም ልደታ ፌርማታ ላይ ቆመን አይተነዋል። በ2015 አካባቢ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው በይፋ ሲነገር ነበር። መንገደኛው ከፌርማታው ወርዶ ወደ ታክሲ ሰልፍ ሄደ።

እዚህ ላይ ፍርድ ማጣመም አያስፈልግም። የሠለጠኑት ልጆች ሰነፎች አልነበሩም፤ ዛሬም ያሉትን ባቡሮች የሚያስኬዱት እነሱ ናቸው። የውጭ ምንዛሪ ችግሩም እውነት ነው። ድሮ የተሰበረ ብረት ድሬዳዋ ቶርኖ ላይ ይወጣ ነበር፤ የተቃጠለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን በቶርኖ አይወጣም። ቢሆንም አንድ ንጽጽር ይከነክናል። ድሬዳዋ ላይ እውቀቱ ከፈረንጅ እጅ ወደ ሐበሻ እጅ የተሻገረው ቢያንስ በሁለት ትውልድ ነው። ልደታ ላይ የተሰጠን ሦስት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም። ባለሙያ ለመሆን የሚፈጀውን ጊዜ ውል አያሳጥረውም። በ41 ወር ማኑዋሉን ማወቅ ይቻላል። የሳሙናዋን ጠብታ ለማግኘት ግን ብዙ ጊዜ መሳሳት፣ ብዙ ጊዜም መታረም ያስፈልጋል።

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 784 ኪሎ ሜትሩን ለ87 ብናካፍለው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር ያለው መስመር በሙሉ፣ አንድም ሜትር ሳይቀር፣ በሞዴል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ እስከ አዲስ አበባ የሚወጣው ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ደግሞ 26 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የስምንት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው።

ሰው የማይሞክረው ነገር ይመስላል አይደል? ሐምቡርግ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚባል የሞዴል ባቡር ማሳያ አለ። በዚሁ በአንድ ለ87 ልክ የተዘረጋው ሐዲዱ ከ15 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የእኛን መስመር ሙሉውን ይዞ ይተርፈዋል።

እኛ ግን ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር መጀመር የለብንም። በአንድ ለ87 ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ጠረጴዛ 174 ሜትር ይይዛል። ልደታ ፌርማታን ከነመገንጠያው ለመጀመር አንድ የምግብ ጠረጴዛ ይበቃል። እጃችንም ባዶ አይደለም። የሽቦ መኪና ያልሠራ ወይም ሲሠራ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ስንት ነው? ሽቦው ይታጠፋል፣ ጎማው ከቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል፣ ረጅም መሪ ይሠራለታል። ማን አስተማረን? በዕድሜ ከፍ ያለው የሰፈር ልጅ ነው። "እንዲህ አትጠፈው፣ ይሰበራል" እያለ። ያ ልጅ የድሬዳዋው ባለሙያ ታናሽ ወንድም ነው፤ የኤም.አይ.ቲ. ልጆችም ዘመድ ነው።

ዕቃውም ሩቅ አይደለም። ከልደታ በሰማያዊው መስመር ጥቂት ፌርማታ ሄዳችሁ መርካቶ ስትወርዱ ምናለሽ ተራ አለላችሁ፤ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወለድበት ቦታ። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከልደታ አንድ ፌርማታ ብቻ ሄዳችሁ ተግባረ ዕድ ናችሁ፤ ስሙ እንደሚለው የእጅ ሥራ፣ ለዘመናት ብረት ሥራ ሲያስተምር የኖረ። ከዚያ ሁለት ፌርማታ አልፎ ለገሃር ነው። በ2011 አካባቢው ላይ ግዙፍ የግንባታ ፕሮጀክት ይፋ ሆኗል፤ የድሮው ጣቢያ ዙሪያ እየተለወጠ ነው። የግቢውን መልክ ለመለካትና ፎቶ ለማንሳት ጊዜው አሁን ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜ የሚያጥረው ለሰዎቹ ነው። በእንፋሎት ዘመን የሠሩት አብዛኞቹ አልፈዋል። በናፍጣው ዘመን የሠሩት ጡረታ ላይ ናቸው፦ ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ አዲስ አበባ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ አባቶች ጋ ስንሄድ ስልክ ደቅነን "ጋሼ፣ እስቲ ስለ ባቡሩ ታሪክ ይንገሩን" እንላለን። እሳቸውም ስለ ጃንሆይ፣ ስለ ጅቡቲ፣ ስለ ደጉ ዘመን ያወራሉ። ጥሩ ነው፤ የእጃቸው እውቀት ግን በዚህ መንገድ አይወጣም። የሳሙናዋ ጠብታ በቃለ መጠይቅ አትመጣም።

ካርቶን ቆርጣችሁ፣ ሽቦ አጥፋችሁ፣ እንደ ነገሩ የሠራችሁትን መገንጠያ ይዛችሁ ሂዱ። ልክ እንዲሆን አትጨነቁ፤ ትንሽ ቢጣመም እንዲያውም ይሻላል። ባለሙያ የተጣመመ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ሠላሳ ዓመት ሐዲድ የጠገነ ሰው ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጡለት መጀመሪያ ፈገግ ይላል። ከዚያ መነጽሩን ያወጣል። ከዚያ በጣቱ ይዳስሰዋል።

"ይሄማ እንዲህ አይደለም" ይላል። "ፒንሳ አለህ?"

ያኔ ስልካችሁን አስቀምጡና ፒንሳውን አቀብሉ። እናንተ ረዳት ናችሁ።